ከውሻ ቤት የተነሣው መልስ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀባሪ ያጣች ከተማ ነበረች። ታማሚና አስታማሚ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ወደቁ፤ ሬሳ የሚያነሣ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠፋ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ተይዘው ነበር፤ እርሳቸው ተረፉ። በከተማዋ ብቻ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይኸው ነው፤ መጥፎውን አየር ጭስ ያባርረዋል በሚል እምነት የተያዘ ልማድ።

ሰዎች ከጭስ በቀር መከላከያ ቢያጡ አይፈረድባቸውም። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ገዳዩ ምን እንደሆነ በለንደንም በፓሪስም በኒው ዮርክም የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 የኢንፍሉዌንዛን ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ ነበርና በ1918 ሐኪሞች ሁሉ ያንን ባክቴሪያ ከሟቾች ሳንባ መፈለግ ያዙ። አንዱ ያገኘዋል፤ ሌላው በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሳምንት ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ፈልጎ ያጣዋል። ገዳይ ነው የተባለው ከብዙዎቹ ሬሳዎች ላይ ከሌለ ገዳዩ ሌላ መሆን አለበት። ማን እንደሆነ ግን ሳይታወቅ ወረርሽኙ አለፈ።

መልሱ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። የመጣውም ሰው ከሚታከምበት ሆስፒታል ሳይሆን ውሻ ከሚያድርበት ግቢ ነው።

እኛ የውሻ ቤት ስንል በግቢ በር አጠገብ ከሳንቃ ወይም ከአሮጌ ቆርቆሮ የተመታችውን፣ ውሻው ከዝናብና ከብርድ የሚሸሸግባትን ትንሽ ማደሪያ ማለታችን ነው። እንግሊዞች ይህችን ማደሪያ «ኬነል» ይሏታል። ቃሉ ከላቲኑ «ካኒስ»፣ ውሻ ከሚለው፣ በኖርማን ፈረንሳይኛ በኩል የደረሳቸው ነው። ነገር ግን ከሳንቃዋ ቤት አልፎ ብዙ ሰፍቷል። ቀበሮ አዳኞች በደርዘን የሚቆጠሩ ውሾቻቸውን የሚያሳድሩበት፣ የውሾቹ ምግብ የሚበስልበት፣ ቡችሎች የሚወለዱበት፣ ደመወዝተኛ ጠባቂዎች ያሉት ሰፊ ግቢም ኬነል ነው። ዘር እየመረጠ የሚያራባ ሰው ድርጅትም ኬነል ይባላል፤ ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ ውሻውን በክፍያ የሚያስቀምጥበት ቦታም እንዲሁ። በ1873 ለንደን ላይ የተቋቋመው፣ የውሻ ዘር መዝገብ የሚይዘው ክለብ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቃል ነው። በድሮ ጽሑፎች የመንገድ ዳር የፍሳሽ ቦይም ኬነል ሲባል ይገኛል፤ ያ ግን ቦይ ከሚል ከሌላ ሥር የመጣ ሞክሼ ነው። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገን የአዳኞቹ ግቢ ነው። ብዙ ውሻ በአንድ አጥር ውስጥ ሲያድር አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ይዳስሳል።

የእነዚያ ግቢዎች መቅሠፍት ዲስቴምፐር ነበር። ቡችላው መጀመሪያ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረከረካል፤ ያስለዋል፣ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ከዚህ ይድናል። ሌላው የዳነ መስሎ ከሰነበተ በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋው ሳያቋርጥ ይመታል፣ ይወድቃል። የፈንጣጣን ክትባት ለዓለም ያበረከተው ኤድዋርድ ጄነር ስለዚህ የውሻ በሽታ በ1809 ጽፏል። ከእርሱ በኋላ ባለው መቶ ዓመት አዳኞችና አርቢዎች የሚወዷቸውን ቡችሎች በየዓመቱ ከመቅበር በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም።

በ1905 ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም አንሪ ካሬ አንድ ትልቅ ነገር አየ። ከታመመ ውሻ አፍንጫ የወጣውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፈ፤ የተጣራውን ጠብታ ጤነኛ ውሻ ላይ ሲወጋ ውሻው ታመመ። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ነገር ነው አለ። ዛሬ ቫይረስ የምንለውን ማለቱ ነበር።

አልታመነም። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1910 እና በ1911 ገደማ፣ አሜሪካ ውስጥ ፌሪ፣ ኤደንብራ ውስጥ ደግሞ ማክጋዋን ከታመሙ ውሾች መተንፈሻ አንድ ባክቴሪያ አገኙ። በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በብልቃጥ ይራባል፣ ውሻ ላይ ሲደረግም ያስላል። የሚታይ ምክንያት ተገኝቶ ሳለ የማይታየውን የካሬን ነገር ማን ይቀበል? ከዚያ ባክቴሪያ ክትባት ተሠርቶ ገበያ ወጣ። ውሾቹ ግን ክትባቱን እየወሰዱ ማለቃቸውን ቀጠሉ።

ሁለቱም ወገን ሐቀኛ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት። ታዲያ ለምን አልተግባቡም? እኔ ይህን ታሪክ ከሌሎች የግኝት ታሪኮች ሁሉ አብልጬ የምወደው እዚህ ላይ ስለሚጠብቅ ነው። ችግሩ ያለው ከማይክሮስኮፑም ከሰዎቹም ላይ አልነበረም። ውሻው ያደረበት ቤት ላይ ነበር።

አንድ ተመራማሪ ከገበያ ወይም ከመንገድ ውሻ ገዝቶ ሲያመጣ ስለ ውሻው የኋላ ታሪክ ምንም አያውቅም። ምናልባት ቡችላ ሳለ በሽታው ይዞት ድኗል፤ እንዲህ ያለውን ውሻ ምንም ቢወጉት አይታመምም። ምናልባት ትናንት ከታመመ ውሻ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክቶ በሽታውን ተሸክሞ ነው የገባው፤ ይህ ደግሞ ሳይወጉትም ይታመማል። ያልተወጋው ሞቶ የተወጋው ሲተርፍ፣ ወይም ሁለቱም ሲታመሙ፣ ከዚያ ምን እውነት ይገኛል? በዚያ ላይ ብዙ ውሻ በሚያድርበት ቤት ያ ሳል አምጪ ባክቴሪያ ከብዙዎቹ ጉሮሮ አይታጣም። ፈላጊው ሁልጊዜ ያገኘዋል።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ «ዘ ፊልድ» የሚባለው የእንግሊዝ የአደንና የገጠር ኑሮ መጽሔት አንባቢዎቹን ገንዘብ አዋጡ አለ። አዳኞችና አርቢዎች አዋጡ፤ ገንዘቡም ለመንግሥቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ ከለንደን በስተሰሜን ሚል ሂል ላይ የእርሻ ቦታ ነበረው። ሥራው ለሁለት ሰዎች ተሰጠ፤ አንዱ ፓትሪክ ሌይድሎ የሰው ሐኪም ነው፣ ሌላው ጆርጅ ደንኪን የእንስሳት ሐኪም። ሌይድሎ ቀደም ሲል ከሄንሪ ዴል ጋር ስለ ሂስታሚን የሠራ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ቡችላ ለማዳን ብሎ እርሻ ቦታ መውረዱን ያላቃለለ በመሆኑ አከብረዋለሁ።

ሁለቱ ሰዎች ከማይክሮስኮፕ በፊት ቤት ሠሩ። በሚል ሂል ከሌላው ሁሉ የተለየ የታጠረ ግቢ አበጁ። ወደዚያ የሚገባ ጠባቂ ገላውን ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ነው የሚገባው። ውስጥ ያሉት ውሾች እዚያው ይጋባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ፤ ቡችሎቹ ከአጥሩ ውጭ ያለ ውሻ ሳያዩ፣ ሳያሸቱ ያድጋሉ። ሙከራ ሲያስፈልግ አንዱ ከዚህ ግቢ ይወጣና ለብቻው በተዘጋጀ ሌላ ማደሪያ ይቀመጣል። በሽታው በፍጹም ያልነካው፣ ታሪኩ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ የሚታወቅ ውሻ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ውሻ ግን ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንዱን መስጠት አይቻልም። እዚህ ላይ የገጠር ሰዎች እውቀት ገባ። ጥንቸል ከጉድጓድ ለማስወጣት አዳኞች ፌሬት የምትባል፣ ገላዋ ቀጭንና ረዥም፣ እግሯ አጭር የሆነ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ያረባሉ። የአደን ጠባቂዎቹ ውሾች በዲስቴምፐር በታመሙ ቁጥር ፌሬቶቻቸውም እንደሚያልቁ ያውቁ ነበር። ሌይድሎና ደንኪን ሞከሩት። ፌሬቷ ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላ ታመመች፤ እንደ ውሻው አንዳንዴ የምትድን ሳትሆን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምትሞት ሆና ተገኘች። ይህ ለእንስሳዋ ክፉ ዕድል ነው፤ ለሚጠይቀው ሰው ግን ማወላወል የሌለበት መልስ ነው። ፌሬቶቹም እንደ ውሾቹ ተለይተው ማደር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ጠራ። ንጹሕ ግቢ ውስጥ ያደገ ውሻ የተጣራውን ፈሳሽ ሲወጋ ታመመ፤ አጠገቡ በሌላ ክፍል ያለው ያልተወጋው ደህና አደረ። የተወጋውና የዳነው ሁለተኛ ጊዜ አልታመመም። ካሬ ከሃያ ዓመት በፊት እውነት ተናግሮ ነበር፤ በ1926 የወጡት የሌይድሎና የደንኪን ጽሑፎች ክርክሩን ዘጉት። ያ ባክቴሪያም ውሸት አልነበረም፤ የራሱ ሌላ በሽታ አምጪ ነው። ዛሬ ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ ይባላል፤ የሚያመጣውን በሽታ እንግሊዞች «የኬነል ሳል» ይሉታል። ብዙ ውሻ በሚያድርበት ቤት የሚገኝ መሆኑ ስሙ ላይ ተጽፎበታል።

ክትባቱ ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ከታመመ እንስሳ ጣፊያና ከመሰለው አካል ተፈጭቶ በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሕያው ቫይረስ በትንሽ መጠን። በአዳኞቹ ውሾች ላይ ተሞክሮ ከሠራ በኋላ 1920ዎቹ ሳያልቁ ለሽያጭ መመረት ጀመረ። መጽሔቱና አዋጪዎቹ የጠየቁት ተመለሰ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እንኳ ሊነገር የሚገባው ነበር።

ግን ሚል ሂል ላይ የቀረው ነገር አለ፤ ተለይተው የሚያድሩ ፌሬቶች፣ ታጥቦና ልብስ ለውጦ መግባትን የለመዱ ጠባቂዎች፣ ማጣሪያዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይታይን ነገር የመከታተል ልማድ። በ1933 መጀመሪያ እንግሊዝን ኢንፍሉዌንዛ መታት። ያን ጊዜ ሌይድሎ ከሁለት ባልደረቦቹ፣ ከዊልሰን ስሚዝና ከክሪስቶፈር አንድሩስ ጋር ሆኖ የ1918ቱን ጥያቄ እንደገና አነሣ። እስከዚያ ድረስ ተመራማሪዎች ከሕመምተኛ ጉሮሮ የተወሰደውን እጥበት በጥንቸልም፣ በአይጥም፣ በዝንጀሮም ሞክረው የሚያስተማምን ነገር አላገኙም ነበር። ፌሬት ላይ የሞከረ አልነበረም፤ ውሻ የሚያጠና እንጂ ማን ፌሬት ያስቀምጣል?

አንድሩስ ራሱ በኢንፍሉዌንዛ ታመመ። ስሚዝ አፉንና ጉሮሮውን አጉመጠመጠው፤ የተፋውንም ወስዶ አጣራ፤ ባክቴሪያ የሌለበትን ውሃ ፌሬቶች አፍንጫ ውስጥ ጠብ አደረገ። በሁለተኛው ቀን ፌሬቶቹ አተኮሱ፤ አፍንጫቸው ፈሰሰ፤ አስነጠሱ። የአንዷ አፍንጫ እጥበት ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ያችም እንዲሁ ሆነች። እዚህ ላይ አንድ አደጋ ነበር። በዚያ ግቢ ከዲስቴምፐር ጋር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸውና በስህተት ያንኑ አስተላልፈው ቢሆንስ? ስለዚህ ዲስቴምፐር የማይደፍራቸውን ፌሬቶች ወስደው ሞከሩ፤ እነዚያም ታመሙ። ከኢንፍሉዌንዛ የዳኑ ሰዎች ሴረም ከቫይረሱ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ቫይረሱ ፌሬቷን መያዝ አቃተው። ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ወደ ፌሬቶቹ የሚገባ ሰው የጎማ ካፖርትና ቦት ጫማ ለብሶ በላይሶል እየታጠበ ነበር የሚገባው፤ ያ ጥንቃቄ ከውሾቹ ግቢ የተወረሰ ነው። ሐምሌ 1933 ላይ ውጤቱ «ዘ ላንሴት» በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ያልታሰበ ማረጋገጫ መጣ። ቻርልስ ስቱዋርት ሃሪስ የተባለው ወጣት ባልደረባቸው አንዲት የታመመች ፌሬት ሲመረምር ፊቱ ላይ አስነጠሰችበት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ኢንፍሉዌንዛ ጣለው፤ ከጉሮሮው የተወሰደውም ያው ቫይረስ ሆነ። ስሚዝም ቀደም ሲል ታሞ ከእርሱ የተወሰደው ቫይረስ በስሙ መነሻ ፊደላት ተሰይሞ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ሲራባ ኖሯል።

ወደ ኅዳር በሽታ የሚመልሰን ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሾፕ በ1931 የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን አግኝቶ ነበር። የሚል ሂል ሰዎችም እርሱም የሰዎችን ደም ከዚህ የአሳማ ቫይረስ ጋር ሲያጋጥሙ ልዩነት አዩ። የአዋቂዎች ደም ቫይረሱን ያዳክመዋል፤ የልጆች ደም አያዳክመውም። አዋቂዎቹ አሳማ አርቢዎች አልነበሩም። ሌይድሎ በ1935 የደረሰበት ግምት ይህ ነው፤ በአሳማው ውስጥ ያለው ከ1918ቱ ወረርሽኝ የተረፈው ቫይረስ ነው፣ በዚያን ዘመን የነበሩ ሰዎች ደም ያስታውሰዋል፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ግን አያውቁትም። በ2005 ሳይንቲስቶች ከ1918 ሟቾች ሳንባ የተረፈውን የቫይረስ ዘረመል አንብበው ሲጨርሱ ከጥንታዊው የአሳማ ቫይረስ ጋር ዝምድናው የቅርብ ሆኖ ተገኘ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታመው የዳኑ ሰዎች በደማቸው የተሸከሙት ምልክት እንዲሁ ዓይነት ነበር፤ አንድም ሐኪም አላየውም እንጂ።

ውሻውና ኢንፍሉዌንዛው በዚህ አልተለያዩም። በጥር 2004 ፍሎሪዳ ውስጥ ባለ የውሻ ሩጫ ግቢ 22 ግሬይሀውንዶች ታመሙ፤ ስምንቱ ሞቱ። ምልክቱ እንደተለመደው የኬነል ሳል ይመስል ነበር። ሲመረመር ከፈረስ ወደ ውሻ የተሻገረ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሆነ። ብዙ ውሻ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር የሚመጣውን ሳል ሁሉ ለዚያ ባክቴሪያ ማሸከም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም የተመራማሪን ዓይን ሊጋርድ ቀርቦ ነበር።

ዲስቴምፐርስ? ክትባት ያላቸው አገሮች በውሾቻቸው ላይ አስታግሠውታል፤ በ1994 ግን ሴሬንጌቲ ውስጥ ካሉት አንበሶች ሲሶ የሚሆኑትን ፈጅቷል፤ ምንጩም የአካባቢው ውሾች እንደሆኑ ታምኖበታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ባሌ ተራሮች ደረሰ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። በ2005 እና በ2006፣ ቀጥሎም በ2010 ዲስቴምፐር ቀይ ቀበሮዎቹን እዚያ ገድሏል፤ በየመካከሉ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ እየተመላለሰ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

የባሌ እረኛ ውሻ የሳንቃ ቤት የለውም። ከከብቱ በረት አጠገብ፣ ከጎጆው ደጃፍ ያድራል፤ ቀን ሜዳውን ይዞራል፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ የሚያድንበት መስክ ላይም ይደርሳል። ሌይድሎና ደንኪን በአጥር የለዩዋቸው ሁለቱ ዓለሞች እዚያ አጥር የላቸውም፤ እንዲኖራቸው ማድረግም አይቻልም። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኞች በፈረስና በእግር መንደር ለመንደር እየዞሩ የእረኛውን ውሻ ይከትባሉ። ከብት ጠባቂው ውሻውን በገመድ ይዞ ይቆማል፣ ከታቢው ይወጋል፣ አንገቱ ላይ ምልክት ታስሮለት ይለቀቃል። በሚቀጥለው ዓመት የተወለዱ ቡችሎች ይጠብቋቸዋል።